የኦጁሉ የጎመን ሣጥኖች

ኦጁሉ ማረፉን የነገረችኝ ጎመን የምትሸጥልኝ ሴት ናት። ባለፈው ሐሙስ ገበያ ላይ እስሩን እያቀበለችኝ፣ «ያ አናጢው ሽማግሌ አቦቦ ላይ ሞተ አሉ፤ ተቀብሯል» አለችኝ። ጎመኑን መልሼ አስቀመጥኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። ሦስት ልጆቼን ያሳደግኩት ግማሹን በደሞዜ፣ ግማሹን በእሱ እጅ ሥራ ነው። ይህን ስጽፍ ግን ልቤ ውስጥ ያለው ምስጋና ብቻ አይደለም። ቂምም አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜአለሁ፣ ጸልዬአለሁ፤ ቂሙ ከነሥሩ አልወጣልኝም። ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ክልል በሆነችበት ሰሞን ነው። አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ማኅተም ይቀረጻል፣ አዲስ ሹም ይመጣል። እኔ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። አስተማሪ የነበረውን ባለቤቴን ወባ ከገደለው ገና ዓመት አልሞላውም። ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት ከልጆቼ ጋር እኖር ነበር። ከቤቱ ጀርባ ባለቤቴ ቆፍሮ ያለሰለሰው ጓሮ ነበረን፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ባሚያ፣ ቲማቲም። ለምሳም ለእራትም የምንቀጥፈው ከዚያ ነበር።

አጠገባችን ያለው ቤት ለአቶ ግዛው ተሰጠ። እንደ እኔ ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ የአንድ ቢሮ ንብረት ክፍል ኃላፊ። «እሳቸው» ልለው በተገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የቆርቆሮ አጥሩ ከቦታው ተነቅሎ እስከ ቤቴ ግድግዳ ድረስ ተጠግቷል። ጓሮው በሙሉ ወደ እሱ ግቢ ገብቷል። ቲማቲሙ ከነፍሬው ተነቅሎ ደጃፌ ላይ ተከምሯል።

«አቶ ግዛው፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«በፕላኑ መሠረት መሬቱ የኔ ነው፣ ሲስተር።»

«የምን ፕላን? ባለቤቴ እኮ ነው የቆፈረው።»

«እንግዲያው እሱ መጥቶ ይክሰሰኝ» አለኝ።

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ አዲስ ነው። የያዝኩትን የቤቱን ወረቀት አገላብጦ አየና፣ «ይሄ የድሮው ማኅተም ነው፤ አሁን አይሠራም» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊት ስደግም፣ ጠላት የሚረገምባቸውን መዝሙሮች እየመረጥኩ ነበር የምደግመው። እግዚአብሔር እንደሚሰማኝ አልተጠራጠርኩም። የዘገየ መሰለኝ እንጂ።

ኦጁሉን ያወቅኩት በዚያው ሳምንት የጤና ጣቢያውን አግዳሚ ወንበሮች ሊጠግን ሲመጣ ነው። አኙዋክ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከእኔ በሃያ ዓመት ያህል የሚበልጥ። በልጅነቱ እንደ አገሩ ልማድ የታች የፊት ጥርሶቹ ተነቅለው ስለነበር ሚስማሩን በዚያ ክፍተት ነበር የሚይዘው። ሚስማር ነክሶ ሲያወራ ሁሉም ይረዳዋል፤ ሚስማር ሳይዝ ግን ብዙም አያወራም። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። እኔ «አንቱ» ስለው ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሌላ ሰው እንዳለ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ እኔም «አንተ» አልኩት።

አባቱ መርከብ ወደ ጋምቤላ በሚመላለስበት ዘመን ወደቡ ላይ የጭነት ሣጥን ይሠሩ ነበር። ሙያውንና የእንጨት መላጊያውን የወረሰው ከእሳቸው ነው። መላጊያው ግን እጁ ላይ አልነበረም።

የጓሮዬን ነገር ለጽዳት ሠራተኛዋ ስነግራት ሰምቶ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ግዛው?» አለ። «የኔንም ወሰደ።»

ኦጁሉ በዚያ ቢሮ አናጢ ነበር። ሳንቃ ጎደለ ተባለና አቶ ግዛው አስባረረው። ሲወጣ የገዛ መላጊያውን፣ የአባቱን፣ «የመንግሥት ንብረት ነው» ብሎ መጋዘን ቆለፈበት። ኦጁሉ ይህን ሲናገር አልጮኸም። ሁለት እጆቹን እንጨት እንደሚልግ ሰው ወደ ፊት ገፋ አደረጋቸው፤ ባዶ መሆናቸውን አየና ጭኑ ላይ አሳረፋቸው።

ከዚያ፣ «ሲስተር፣ እሱ መሬት ወሰደ። አፈር አልወሰደም» አለኝ። «አፈር ወንዝ ዳር ብዙ ነው። አንተ የመድኃኒት ባዶ ሣጥን አለህ?»

ከጤና ጣቢያው ባዶ ሣጥኖች ለምኜ አመጣሁለት። ኦጁሉ ፈታታቸው። የነቀለውን ሚስማር ድንጋይ ላይ እያቃና ለዳግመኛ ሥራ አስቀመጠው። ሜትር አልነበረውም፤ በስንዝሩ ይለካና የተረፈውን በአውራ ጣቱ ይጨርሰዋል። የሣጥኑን ወለል ውሃ እንዲወጣ በጋለ ብረት በሳሳው። ከታች የባሮን ጠጠር፣ ከላዩ የወንዝ ዳር ደለል ከከብት እበት ጋር ቀይጦ ሞላበት። አፈሩን ጨብጦ ይለቀዋል፤ ተጣብቆ ከቀረ አሸዋ ይጨምራል፣ ወዲያው ከፈረሰ እበት። ፍየል እንዳይደርስበት የሣጥኑ እግሮች እስከ ወገቤ ይደርሱ ነበር።

እግሮቹን መሬት ላይ አላቆማቸውም። በእያንዳንዱ እግር ሥር ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አደረገ፤ ጣሳው ውስጥ ከጋራዥ ያመጣውን የተቃጠለ ዘይት ጨመረ።

«ይሄስ ለምንድን ነው?»

«ለምስጥ። ጋምቤላ ምስጥ አለ። ምስጥ ደሞዝ አይጠይቅም፣ እሁድም ይሠራል።»

ሥራውን ሲጨርስ ስድስቱን ሣጥኖች ከቆርቆሮው አጥር ሥር ደረደራቸው። እኔ በረንዳው ጥግ እንዲሆኑልኝ ነበር የፈለግኩት።

«አይሆንም» አለ። በአገጩ የአቶ ግዛውን በረንዳ አሳየኝ። «አለቃ እዚያ ቁጭ ይላል። ቁጭ ብሎ ያያል።»

ጎመኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ከቆርቆሮው በላይ ብቅ አለ። ቃሪያው ተከተለ። አቶ ግዛው በነጠቀኝ መሬት ላይ አንዳች አልተከለም፤ አረም ወረሰው፣ አሮጌ ጎማ ተጣለበት። መሬቱን ፈልጎት ቢሆን ኖሮ ንዴቴ በቀነሰ ነበር።

ኦጁሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዘይት ሊጨምር ይመጣል። አቶ ግዛው ጋዜጣ ይዞ በረንዳው ላይ ከተቀመጠ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«ሲስተር! ጎመንህ በጣም ትልቅ ነው! ዛሬ ማን ይጨርሰዋል?»

«ልጆቼ ናቸዋ!»

«ልጆች ደክመዋል! ለፍየል ስጥ!»

ከአጥሩ ማዶ ጋዜጣው ይንኮሻኮሻል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ነው።

አንድ ቀን አቶ ግዛው ከአጥሩ ማዶ ኦጁሉን ጠራው። ልብስ እያሰጣሁ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ለእኔም ሥራልኝ። እንደዚያ የድሃ ሣጥን ግን አይደለም። ሁለት ፎቅ ይሁን፤ የላይኛው ከራሴ በላይ ሆኖ ፎሶሊያ ይንጠልጠልበት፣ ጥላ እንዲሰጠኝ። በአዲስ እንጨት፤ አረንጓዴ ቀለም ትቀባዋለህ።»

«መላጊያ የለኝም፣ አለቃ።»

«ከመጋዘን አወጣልሃለሁ። ስትጨርስ ትመልሳለህ።»

«እሺ» ሲል ሰማሁት።

ልብሱን ትቼ ገባሁ። አሥር ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። በራሱ መላጊያ፣ በአባቱ መላጊያ፣ ለዘረፈው ሰው እንጨት ሲልግ ድምፁ በግድግዳዬ አልፎ ይመጣ ነበር። ሥራውን ጨርሶ መላጊያውን ባስረከበበት ቀን በእኔ በር መጣና በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ደስ ይበልህ» አልኩት። «ጠላቴን አሳመርክልኝ።»

«እግሩን አየህ?»

ወደ አጥሩ ተጠግቼ አየሁ። ሁለት ፎቅ፣ አረንጓዴ፣ የሚያምር ሥራ። አራቱ እግሮች የባሕር ዛፍ ናቸው፤ ቀጥ ብለው መሬት ውስጥ ተቀብረዋል።

«ጣሳውስ?»

«ጠየቅኩ። ‹የጋራዥ ቆሻሻ ደጃፌ ላይ አታስቀምጥ› አለ። ከደጋ ነው፣ አያውቅም።»

«ለምን እንደሆነ አልነገርከውም?»

«አልጠየቀም።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። «መቼ ይወድቃል?»

በጣቶቹ ቆጠረ። «ዝናብ ይመጣል። አፈሩ ይከብዳል። ከመስቀል በፊት።»

ሳቅኩ። የምታስቀድስ ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ለንስሐ አባቴ እንኳን በደንብ መግለጽ አልቻልኩም። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ወደ አጥሩ እሄዳለሁ። በግንቦት በአንደኛው እግር ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር ወጣ። በሰኔ ወደ ሦስቱ እግሮች ተዛመተ። ምስጥ ቀለም አይበላም፤ ከውጭ አረንጓዴው እንዳለ ነበር፣ ውስጡ ግን እየተበላ ነበር። አቶ ግዛው ግን ለእንግዶቹ በእጁ እያሳየ፣ «ዲዛይኑ የራሴ ነው» ይላል። ፎሶሊያው ተንጠልጥሎ አበበ። እኔ ቤት ውስጥ ሥራዬን በደስታ እሠራ ነበር። ልጆቼ እናታችን ተሻላት ብለው ነበር።

በሐምሌ የአቶ ግዛው እናት ከደጋ መጡ።

እማማ ትርንጎ ይባላሉ። ሙቀቱን አልቻሉትም። በየቀኑ ዱካቸውን ይዘው ይወጡና መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ፎሶሊያው ጥላ ሥር፣ ልክ ከላይኛው ሣጥን በታች ይቀመጣሉ። በመጡ በሁለተኛው ቀን በቆርቆሮው ክፍተት አዩኝ።

«እንዴት አደርሽ፣ ልጄ? የባልሽን ነገር ሰማሁ። እግዜር ያጽናሽ።»

ከዚያ ቤት ሰው ይህን ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

ኦጁሉ በቀጠሮው ሲመጣ ጠበቅኩት።

«እናቱ ሥሩ ይቀመጣሉ።»

«አየሁ።»

«ታዲያስ?»

«አንተ ንገረው።»

«የሠራኸው አንተ ነህ!»

«የሳቅከው አንተ ነህ።»

ጣሳዎቹን ሞልቶ ሄደ። ሁለታችንም ለዚያ ሰው አንድ ደግ ቃል ማውጣት እንደ ሞት ሆኖብን ነበር። መናገር ማለት አጥሩን መርቆ መስጠት፣ መላጊያውን መርቆ መስጠት መሰለን።

በሦስተኛው ቀን ግን ጨከንኩና በሩን አንኳኳሁ። አቶ ግዛው ወጣ።

«ስለዚያ ስለ ሣጥኑ ነበር…» ብዬ ጀመርኩ።

«ምነው፣ ሲስተር? ቀናሽበት እንዴ?»

ዞሬ ሄድኩ። ቃሉን ዋጥኩት።

ለእናቱ ልናገር ሞከርኩ። «እማማ፣ እዚያ ባይቀመጡ?» «ለምን፣ ልጄ? ጥላው እኮ እዚህ ነው።» እውነቱን ብናገር ነገሩ ሁሉ ሊወጣ ነው። «እባብ ይወድቃል» አልኳቸው። አማትበው ተነሡ። ሁለት ቀን ከቤት ዋሉ፤ በሦስተኛው፣ «ሙቀቱ ከእባብ ይብሳል» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም የድርሻዬን አድርጌአለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የወደቀው በፍልሰታ ጾም ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። ኦጁሉ ከእኔ ሣጥኖች ጎን ቁጢጥ ብሎ ዘይት ይጨምራል፤ ከአጥሩ ማዶ የእማማ ትርንጎ የጸሎት ድምፅ ይሰማል። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ኦጁሉ ቀና አለ። እኔ ገና ምን እንደሆነ ሳላውቅ እሱ ዘይቱን ጥሎ አጥሩ ላይ ነበር። ቆርቆሮው ጭኑን ቀደደው። «ውጣ! ውጣ!» እያለ ይጮህ ነበር። እማማ ትርንጎ ደንግጠው ሲነሡ የላይኛው ሣጥን በሁለት እጆቹ ላይ አረፈ። ምን ያህል እንደያዘው አላውቅም። አሮጊቷ ሁለት እርምጃ እስኪራመዱ ያዘው። ከዚያ ሁሉም ወረደ።

በበሩ ዞሬ ስደርስ ቀኝ እጁ ሣጥኑ ሥር ነበር። እኔና አቶ ግዛው አብረን አነሣንለት። ከዚያ ሰው ጋር አብሬ የሠራሁት ሥራ እሱ ብቻ ነው። አራት ጣቶች ተሰብረዋል። እኔው አሰርኩለት፣ እኔው አከምኩት፤ ሁለቱ ግን ዳግመኛ አልታጠፉም።

በአራተኛው ቀን በረንዳዬ ላይ ፋሻውን ስቀይርለት አቶ ግዛው ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ወንድሜ» አለው። «እናቴን አተረፍክልኝ። ይኸው መላጊያህ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።»

ኦጁሉ ጥቅሉን አየ። ከዚያ እኔ የያዝኩትን እጁን አየ። እኔ ተቀበለውና ዝም በል እያልኩ በልቤ እለምን ነበር።

«አለቃ» አለ፤ «ሣጥኑ እንደሚወድቅ አውቅ ነበር።»

«ምን?»

«ስሠራው አውቅ ነበር። ምስጥ አውቃለሁ። እናትህን ግን አላውቅም ነበር።»

የአቶ ግዛው ፊት ተለወጠ። በሥራዬ ዘመን ብዙ ሰው ሲታመም አይቻለሁ፤ እንደዚያ በአንዴ የተለወጠ ፊት ግን አላየሁም። ሊቀ መንበሩ፣ «ከአንተ ጋር ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ብቻዬን» አለ ኦጁሉ።

እጁ እጄ ውስጥ ነበር። ፋሻውን ጠቅልዬ ጨረስኩ። ቋጠርኩት። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አቶ ግዛው መላጊያውን እንደ ተጠቀለለ ይዞ ተመለሰ። ኦጁሉ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። ቃሉን ሲሰጥም ብቻዬን ነው አለ፤ በግራ አውራ ጣቱ ፈረመ። መስቀል አልፎ እስኪለቁት ድረስ በየቀኑ ምሳ አደርስለት ነበር፤ ከስድስቱ ሣጥኖች የተቀጠፈ ጎመንና ባሚያ። እየበላ፣ «ጨው ትንሽ ነው» ይለኛል። ሌላ ወቀሳ አልሰማሁም። እማማ ትርንጎም አንድ ቀን በሰው ተደግፈው መጥተው ሲጠይቁት አይቻለሁ። በልጃቸው ስም ይቅርታ ጠየቁት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ያን ጊዜም አልተናገርኩም። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው እዚያው አረፉ።

ሲፈታ ወደ እህቱ፣ ወደ አቦቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መጋዝ በግራ እጁ እንደሚስብ ሰምቻለሁ፤ መላጊያ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጋምቤላ በመጣ ቁጥር ሳያየኝ አይሄድም ነበር። የሣጥኖቹን እግሮች አንድ በአንድ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ልጆቼ ተምረው የወጡት በእነዚያ ሣጥኖች ጎመን ላይ ነው። የተበላው ሳንቃ ይቀየራል፤ አሁን ያሉት የስንተኛ ጊዜ ሳንቃዎች እንደሆኑ እንጃ።

አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። «ለምን ስሜን አልጠራህም?»

«ምን ብዬ? ሲስተር ሳቀ ብዬ?»

ከዚያ ራሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስገጂ አሉኝ፤ ሰገድኩ። አቶ ግዛውን ይቅር በይው አሉኝ። እማማ ትርንጎን ባሰብኩ ቁጥር ጌታ ሆይ ማረኝ እላለሁ። ሰውየውን ይቅር ማለት ግን አልሆነልኝም። «እንግዲያው እሱ መጥቶ ይክሰሰኝ» ያለኝን ከልቤ ማውጣት አልቻልኩም። ጡረታ ወጥቶ እዚያው ቤት፣ ከዚያው አጥር ማዶ ይኖራል። ይህን ሁሉ ዓመት ሰላምታም አልተለዋወጥን።

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ስመለስ ቤቴ አልተቀመጥኩም። ዘንቢሌን አስቀምጬ ወጣሁና በሩን አንኳኳሁ። ምርኩዙን ይዞ ወጣ። አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ።

«ኦጁሉ ሞተ» አልኩት።

«ሰማሁ። ይማረው እንግዲህ።»

«ያኔ እኔም አውቅ ነበር። ምስጡ ሲወጣ በየጠዋቱ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። እናትዎ ሥሩ ሲቀመጡም አይቻለሁ። እውነቱን አልነገርኳቸውም።»

ምርኩዙን ከበሩ መቃን አስደገፈው።

«ታዲያ ዛሬ ይቅርታ ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

«እናትዎን ብጠይቅ ደግ ነበር፤ አልፈዋል። እርስዎን አይደለም።»

«ምን ፈልገሽ ነው እንግዲያ?»

«ብቻዬን ነኝ ብሎ ፈርሟል» አልኩት። «ብቻውን አልነበረም።»